አባቴ ቃል ያጣ ዕለት

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ልጅ የምትዳረው በሰው አፍ ነበር። እውነቴን ነው! ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌው ቆሞ ይናገራል፣ የልጅቷ አባት ሰምቶ ይሰጣል ወይ ይከለክላል፣ አለቀ። ታዲያ እዚህ አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው ዙሪያ ጥቂት ቤት ብቻ በነበረ ጊዜ፣ አንደበተኛ ማነው ቢባል አባቴ ነው። ከሞጆ፣ ከወለንጪቲ እየመጡ ይወስዱት ነበር። እኔም እኮራ ነበር፣ አዎ፣ የሱ ልጅ ነኝ ብዬ እንጠባረር ነበር።

እና ዘነበ የሚባል ባቡር ላይ የሚሠራ ጎረምሳ መጣ፣ መልከ መልካም! የኦቦ ቱፋን ልጅ፣ ጫልቱን ወደደ። ጫልቱ ጓደኛዬ ናት፣ ውሃ አብረን ነው የምንቀዳው። ታዲያ ዘነበ ሽማግሌ ይሁኑኝ ሊል መጥቶ አባቴን ምን ይለዋል፣ ይሄን እናቴ ናት ኋላ የነገረችኝ፣ ምን ይለዋል መሰላችሁ፣ "ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ድሬዳዋ ሚስት አለችኝ፣ ልጅም ወልዳልኛለች" ይለዋል። እናቴ ደንግጣ "ተው እንግዲህ፣ የሰው ልጅ ናት፣ አትሂድ" ብትለው አባቴ ሳቀ። "አንቺ ደግሞ! ድሬዳዋን ማን አይቶት? እኔ ከተናገርኩ አለቀ" አላት።

ሄደ። ኦቦ ቱፋ ቤት ቆመ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እና ጀመረ። እኔ ከጫልቱ ጋር ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። "ይህ ልጅ እኮ ሴት የሚባል አያውቅም! ደመወዙን ለእናቱ የሚልክ፣ አንገቱን የደፋ፣ ሴት ስታልፍ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው!" ድምፁ ደግሞ ሲያምር! የጫልቱ እናት አለቀሰች። ኦቦ ቱፋ "እርስዎ ካሉማ ምን እላለሁ፣ ሰጥቻለሁ" አለ።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ሞልቶ፣ ሙሽራው ገብቶ፣ ከበሮ እየተመታ ሳለ ባቡር መጣ። ታዲያ አንዲት ሴትዮ፣ ልጅ አዝላ፣ ወሬው ድሬዳዋ ደርሷት ኖሮ፣ ከጣቢያው ቀጥ ብላ መጥታ ዳሱ መሐል ቆመች። አልጮኸችም እኮ! "ዘነበ፣ ልጅህ ታሞብኛል" አለች፣ በቃ። ከበሮው ቆመ።

ኦቦ ቱፋ ተነሳ። ይቆጣል ስንል አልተቆጣም። ወደ አባቴ ዞሮ በቀስታ፣ "ኦቦ፣ ያን ቀን አሳምረው ነግረውናል። አሁንም ይቁሙና ለዚች ሴትዮ ይንገሯት፣ ለልጄም ይንገሯት" አለው።

አባቴ ተነሳ። አፉን ከፈተ። "እ... እንግዲህ..." ከዚያ ወዲያ የለም። ያ ሁሉ አንደበት! ላብ ብቻ። ሰው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ይሄኔ ጫልቱ ከሚዜዎቿ መሐል ብድግ አለችና፣ "አባዬ፣ ተዋቸው" አለች። ሴትዮዋን ደግሞ "እቴ፣ ባልሽ ነው፣ ይዘሽው ሂጂ" አለቻት።

እኔ ከዚያ በኋላ ውሃ የምቀዳው ሰው በሌለበት ሰዓት ሆነ። እስከ ዛሬ ሰው ፊት ቆሞ አሳምሮ የሚናገር ሰው ሳይ፣ ይሄ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ምን ደብቆ ይሆን እላለሁ። ምን ላድርግ፣ አባቴ ነው እንዲህ ያደረገኝ።

"እማማ፣ ጫልቱስ ሳታገባ ቀረች?"

ኧረ አግብታለች! በዓመቱ ሌላ ጠያቂ ሲመጣ ኦቦ ቱፋ ምን ብሎ ላከ መሰላችሁ? "ሽማግሌ ስትልኩ የሚንተባተብ ሰው ላኩልኝ፣ አንደበተኛ ደጄን እንዳይረግጥ!" አገሩ ሁሉ ሳቀ። ይኸው እናንተም ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ያስቃል። ለኔ ግን አባቴ ነው።