የወይዘሮ የሺወርቅ ጣት

ባለፈው ጥር ወር ከእኅቴ ልጅ ከቸርነት ጋር ሓወልቲ ሰፈር በሚገኝ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አቶ ወልደጊዮርጊስ ከባለቤታቸው ጋር ሲያልፉ አየኋቸውና ተነሥቼ አስቀመጥኳቸው። ወይዘሮ የሺወርቅ አንድ ጣታቸውን በሻሽ ጠቅልለው እንደ ጨቅላ ሕፃን ደረታቸው ላይ ታቅፈውታል። ቸርነት በዓይደር ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ሐኪም ስለሆነ ዐይኑን ከሻሹ አልነቀለም።

«እትዬ፣ ጣትዎን ምን ነካዎት?»

ባልየው ቀድመው መለሱ። «መንፈስ ነው፣ ልጄ። ጠበሉ ጣቷን ሲነካት ትጮኻለች፤ ማኅበርተኞቻችንም ሁሉ ያውቃሉ። ነገ ገዳም ወስጄ እተዋታለሁ፤ እስኪለቃት እዚያው ትቀመጣለች።»

ወይዘሮዋ አንገታቸውን ደፉ።

«ሌላ ቀዝቃዛ ውሃስ ሲነካዎት?» አለ ቸርነት።

«አንተ ትምህርትህን ለታይፎይድ አድርገው!» ሲሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ ተቆጡ። «እብጠት የለው፣ መግል የለው። ራጅ ተነሥታም ምንም የለብሽም ተብላለች።»

በዚህ መካከል አስተናጋጇ ያቀረበችውን የቀዘቀዘ ለስላሳ ወይዘሮ የሺወርቅ ዐይተው፣ የቸርነትን ጥያቄ ለመመለስ ሻሹን ፈትተው ጣታቸውን ጠርሙሱ ላይ አሳረፉ።

«ዋይ አነ!»

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«ሰማኸው?» አሉ ባልየው።

«እኔ ነኝ የጮኽኩት!» አሉ ወይዘሮዋ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዕቃ ሳጥብም እንዲሁ ነው። ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ! ወይስ ያንተ መንፈስ ለስላሳም ይፈራል?»

ቸርነት ፈቃድ ጠይቆ ጥፍራቸውን መረመረ። ከሥሩ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነጥብ አለ። በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ አድርጎ ሲነካው ዘለሉ፤ ጥቂት ፈቀቅ ሲያደርገው ግን ምንም አልተሰማቸውም።

«እንደ ሰሊጥ ያለች እጢ ትመስለኛለች» አለ። «የሰውነትን ሙቀት በሚያስተካክሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ትበቅላለች፤ ስለዚህ ብርድ ያስቆጣታል። አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አይደለችም። ራጅ ቢያልፋት ኤም አር አይ የተባለው የምስል ምርመራ ሊያሳያት ይችላል። መድኃኒቷ ጣቱን አደንዝዞ ማውጣት ነው።»

«ጥፍሯን ልትነቅል?»

«ጥፍር መልሶ ይበቅላል፣ አባባ። ገዳም ትተዋቸው የሚያልፈው ዕድሜያቸው ግን አይመለስም።»

እኔም፣ «ወልደጊዮርጊስ፣ ጠበሉ አልዋሸም፤ ጩኸቱን በስሕተት የተረጐምነው እኛ ነን» አልኩ። ሁለታችንም በጾምና በጸሎት ያረጀን ስለሆንን ቃሌን አልናቁትም። ወደ ቸርነት ዞረውም፣ «ነገ ዓይደር ስንት ሰዓት እንምጣ?» አሉ።

እጢዋ ወጣች፤ ተመርምራም ነቀርሳ አለመሆኗ ተረጋገጠ። ቁስሉ ሲሽር ወይዘሮ የሺወርቅ እንቅልፋቸውንና የእጃቸውን ሥራ መልሰው አገኙ። እንግዲህ ከጥፍሩ ሥር በአንዲት ነጥብ ላይ የሚወጋና በብርድ የሚብስ ሕመም ያለበት ሁሉ፣ እብጠት ባይታይም፣ ዝም አይበል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይጠይቅ። ቤተሰቡም ከመፍረዱ በፊት ሕመምተኛውን ያድምጥ።

ሆኖም ከሕክምናው ይልቅ ለአቶ ወልደጊዮርጊስ የከበዳቸው ሌላ ነበር። እኔም በተገኘሁበት በቀጣዩ ማኅበር ላይ ቆመው፣ «ሚስቴን መንፈስ ያዛት ብዬ ያወራሁባት እኔ ነኝ። የያዛት እጢ ነበር፤ ወጥቷል። ስሟን እንደ ቀድሞው አክብሩልኝ» አሉ።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ማኅበርተኛ ወደ ወይዘሮ የሺወርቅ ጠጋ ብላ፣ «እኔም የደበቅሁት ሕመም አለኝ፤ ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» ስትል ሰማኋት።

«ማልደሽ ተነሺ፤ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ።