ከኮርኒሱ በላይ

(አስካለና ደጀኔ ዘንድሮ በፍርድ ቤት ተፋትተዋል፤ ለሁለት መክፈል ባልተቻለው ቤታቸው ሳሎን የቤት ፕላን ዘርግተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።)

አስካለ፦ አይተህ ፈርም አልኩህ እንጂ ዝም ብለህ ፈርም አላልኩህም!

ደጀኔ፦ ምኑን አየዋለሁ? እሺ ብያለሁ አይደል። የት ጋ ነው?

አስካለ፦ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል ነዋ። ቤቱ በሁለታችን ስም ስለሆነ፣ ያንተ ፊርማ ከሌለበት ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አይሰጥም።

ደጀኔ፦ እሺ።

አስካለ፦ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ክፍል ይሆናል። አንዳችን ላይ፣ አንዳችን ታች።

ደጀኔ፦ እሺ።

አስካለ፦ ማን ላይ እንደሚወጣ እንኳ አትጠይቅም?

ደጀኔ፦ እኔ ነኛ። አንቺ በዚያ ጉልበትሽ ደረጃ ልትወጪ ነው?

አስካለ፦ ጉልበቴን ተወው። መስኮቱ በእትዬ ስንዱ በኩል መሆን አይችልም ብለውኛል፤ የሰው ግቢ ቁልቁል ማየት ክልክል ነው። ወደ መንገድ ይሁን ወደ ጓሮ?

ደጀኔ፦ እንደፈለግሽ።

አስካለ፦ የምትኖርበት አንተ!

ደጀኔ፦ ባይኖረውስ?

አስካለ፦ መስኮት ከሌለው የሰው መኖሪያ አይደለም፣ ዕቃ ማስቀመጫ ነው ይላሉ።

ደጀኔ፦ ዕቃ ማስቀመጫ በያቸዋ። እኔም ከዕቃው አንዱ ነኝ።

አስካለ፦ አታሹፍ፣ ደጀኔ።

ደጀኔ፦ እያሾፍኩ አይደለም። ፍርድ ቤት የቆምን ቀን እንኳ ምንም አልተሰማኝም። ሰው ይናደዳል፣ ያለቅሳል አይደል? እኔ ዳኛው ውሳኔውን ሲያነቡ የማስበው ምሳ የት እንደምበላ ነበር።

አስካለ፦ እኔም ያው ነኝ፣ ደንዝዣለሁ። እትዬ ስንዱ የጎረቤት ፈቃዱን ሲፈርሙልኝ፣ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ቆሜ እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።

ደጀኔ፦ ደረጃውስ?

አስካለ፦ በውጭ በኩል ይሁን ብል ከአጥሩ ያለው ርቀት አይበቃም ብለው ከለከሉኝ። በሳሎን በኩል ነው።

ደጀኔ፦ ጠዋት ማታ በፊትሽ ላልፍ ነው?

አስካለ፦ ታልፋለህ።

ደጀኔ፦ እሺ። ግን ለዚህ ሁሉ ምን አደከመሽ? የሰፈሩ ሰው ጣውላ ረብርቦ፣ መሰላል አቁሞ ይተኛበት የለም እንዴ? ማን ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል?

አስካለ፦ እሱማ ጣሪያው ካልተነካ ፈቃድ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነው የነገሩኝ።

ደጀኔ፦ ታዲያ?

አስካለ፦ ጣሪያው ከፍ ይበል ካልን ነው መሐንዲሱም፣ የጎረቤት ፊርማውም፣ መመላለሱም የሚመጣው።

ደጀኔ፦ ለምን ከፍ ይላል?

አስካለ፦ አሁን ባለበት፣ መሐል ላይ እንኳ የሚበቃው ለእኔ ቁመት ነው። አንተ ጎንበስ ብለህ ልትኖር ነው።

ደጀኔ፦ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ማዘጋጃ የተመላለስሽው... ለዚህ ነው?

አስካለ፦ ተፋታችሁ አሉን እንጂ ጎብጠህ ኑር አላሉህም። እኔስ ታች ቁጭ ብዬ አንተ ላይ ጎንበስ ብለህ ስትንጎራደድ ልሰማ ነው? አልችልም። በቃ፣ እንካ እስክሪብቶውን። እዚህ ጋ ነው።

ደጀኔ፦ አልፈርምም፣ አስኩ። እዚሁ ታች ካንቺ ጋ ልኑር።