በአቶ ወንድይፍራው የጋራዥ በር ላይ የተደረገ ክርክር

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቀራንዮ ካለው የጎልማሶች ትምህርት ወደ ቤቴ ስመለስ ያጋጠመኝን እጽፋለሁ። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሦስት ዓመቴ ስለሆነ ቃል ብሳሳት አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩ ግን ለብዙ ቤት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ስወርድ ከጎረቤቴ ከአቶ ወንድይፍራው ግቢ ብረት ሲመታ ሰማሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ ካረፉ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ ግቢ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ደንግጬ ገባሁ።

እኒያ ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ በርሜል ላይ ቆመዋል። ቤቱን የሸጠላቸው ጣሊያን ያስገጠመው የጋራዥ በር፣ ወደ ላይ እየተጠቀለለ የሚከፈተው፣ ከወገብ ከፍታ ላይ በአንድ ጎኑ አዘንብሎ ቀርቷል። እሳቸውም የብሎን መፍቻ ይዘው ከበሩ በላይ ያለውን ትልቁን ሞላ ይነካካሉ።

«ጋሼ፣ በእመቤታችን! ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«መጀመሪያ እንደምን ዋሉ ይባላል» አሉኝ፤ ሳይዞሩ።

«እንደምን ዋሉ። አሁን ይውረዱ እባክዎ።»

«ብወርድስ፣ በሩ አብሮኝ ይወርዳል?»

«እንዳይወርድብዎ ነው የፈራሁት!»

«ሸዋረጋ፣ አንቺ የማትፈሪው ምን አለ? ባለፈው ሳምንት ደመና አይተሽ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እቤት ያስገባሽ አንቺ አይደለሽም?»

እውነታቸውን ነው። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ የሚወድቅ ይመስለኛል።

«ምን አስቸኮለዎ?» አልኩ።

«ልጄ ገነት ነገ ከጅማ ትመጣለች። አውቶቡስ ተራ በመኪናዬ እቀበልሻለሁ ብዬ ጽፌላታለሁ። እናቷን ከቀበርን ወዲህ አንድ ቀን መጥታ አታውቅም። መኪናው እዚህ ውስጥ ተቆልፏል።»

«በታክሲ ይቀበሏታ።»

«እናቷ በዚህ መኪና ነበር የምትቀበላት፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ» አሉ። «ወንበሩ ባዶ ቢሆንም መኪናው ይምጣላት።»

«እንግዲያው ከአየር ጤና ደሜን ያስጠሩ። ጋራዥ ውስጥ ተምሮ ያደገ ባለሙያ ነው፤ እንዲህ ያለ በር ሥራው ነው።»

ይህን ስል ዞረው አዩኝ።

«የማን ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አባቱ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አጥሬን አልፎ አይገባም።»

«ጋሼ፣ የሚበሉትን እህል ያረሰው ማረሻስ ከማን እጅ ወጣ?»

«ማረሻው ይግባ። ሰውዬው ነው የማይገባው።»

«ምን ያደርግዎታል?»

«ዓይናቸው አይወደድም፤ ይህን አንቺም ከናትሽ ጡት ጋር የጠጣሽው ነው።»

«እርስዎ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው እንዲህ ሲሉ አያፍሩም?»

«ጋዜጣው ስለ ዓይን ጽፎ አያውቅም» አሉና ሳቅ አሉ። «ደግሞስ ብሎን መፍታት ምን ጥበብ አለው? ይኸው ሁለት ብሎን ነው። የራሴን በር ራሴ እሠራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሳያስፈልገኝ ኖሬአለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የመጨረሻው ቃል ስለ በር የተነገረ እንዳልነበረ ልብ በል። ብቻውን የሚኖር ሰው ብቸኝነቱን ጉልበት አድርጎ ሊያሳይ ይወዳል። እኔም አውቀዋለሁ።

መፍቻውን ብሎኑ ላይ አሳርፈው ገፋ ሲያደርጉት በሩ ጮኸና አንድ ስንዝር ያህል ወረደ። በርሜሉ ተንገዳገደ። ደብተሬን ጥዬ ሁለት እግራቸውን አቀፍኩ።

«ልቀቂኝ አንቺ ሴትዮ! ሰው ቢያየንስ?»

«አለቅም። የባሌን አሟሟት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ እንጂ። መኪና ተጫነው።»

«ከመኪናው ሥር ለምን እንደ ገባስ ያውቃሉ?»

እግራቸውን እንዳቀፍኩ ነገርኳቸው።

«በየነ የጭነት መኪናውን በግቢያችን በክሪክ አንሥቶ ነበር። ይኸው ደሜ በመንገድ ሲያልፍ አየውና፣ ‹ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መደገፊያ ብረት ላምጣና እኔ ልግባበት› አለው። ልጃችን ብርቅዬ ያን ጊዜ የአርባ ቀን ሕፃን ነበረች። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ‹የዚህ ሰው ዓይን ልጄ ላይ ሳያርፍ ከግቢዬ አስወጣልኝ› አልኩ። ደሜ እየሰማኝ ነው ያልኩት። በየነ እኔን ደስ ይበላት ብሎ አሰናበተውና ራሱ ገባ። ክሪኩ ከዳው። ጩኸቴን ሰምቶ ሮጦ የተመለሰውና መኪናውን ያነሣልኝ ደሜ ነው። ከረፈደ በኋላ ቢሆንም እሱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እሱም አልተናገረብኝም።»

አቶ ወንድይፍራው ቀስ ብለው ከበርሜሉ ወረዱ። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሰው ሁሉ የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ነበር» አሉ።

«እኔም እንዲያ ሲሉ ዝም አልኩ።»

ደብተሬን አንሥተው አፈሩን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉልኝ። «ነይ፣ አብረን እንጥራው» አሉ። «ብቻሽን የምትደፍሪው አይመስለኝም። እኔም አልደፍርም።»

ደሜ ከአየር ጤና ከእኛ ጋር መጣ። በመንገድ ላይ ሦስታችንም ስለ ዝናብ ብቻ ተነጋገርን። በሩን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ብሎን የነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

ደሜ በሩን ከሥር በሁለት ወፍራም ግንድ ደገፈ። ከዚያ ከሩቅ ሆኖ የብሎኑን አንገት በረጅም ቱቦ ጠመዘዘው። ሞላው በአንድ ጊዜ ተፈተለ፤ ቱቦውን ከእጁ ነጥቆ አጥሩ ላይ ወረወረው። ቆርቆሮው ተበሳ።

«አባባ፣ ያ ቱቦ የእርስዎ እጅ ይሆን ነበር» አለ ደሜ። «ሞላ ሲያዩት የተኛ ይመስላል እንጂ የበሩን ክብደት ሁሉ የያዘው እሱ ነው። በሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ መጥረግና ግራሶ መቀባት የእርስዎ ሥራ ነው፤ በየወሩ ያድርጉት። ተጠምዝዞ ኃይል የያዘውን ነገር ግን ለለመደው ይተዉ።»

አቶ ወንድይፍራው የተበሳውን ቆርቆሮ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። «ደሜ፣ ያን ቀን በግቢዬ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ ሸዋረጋ» አለኝ፤ ሥራውን ሳያቋርጥ። ቆይቶም፣ «ይህችን እንጨት ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ» አለ። ያዝኩለት። ከሥራው እስኪነሣ ድረስ አልለቀቅሁም።

በሩ ተጠቅልሎ ሲወጣ አቶ ወንድይፍራው ራሳቸው የሠሩትን ሽሮ በአንድ ሳህን አቀረቡ። ደሜ እጁን ታጥቦ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ለእኔ ለብቻ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ለምጄዋለሁ።»

«እኔም ለብቻ መብላት ለምጄ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ተቀመጥ።»

ሦስታችንም ከአንድ ሳህን በላን። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ማንም አላነሣውም። በማግስቱ ገነት በመኪናው መጣች።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ ከዚህ ምን እናገኛለን? ባለሙያን መጥራት ስንፍና ወይም ውርደት አይደለም። አባወራ አጥሩን ያጥብቅ፣ ብረቱን ይቀባ፣ ቤቱንም ይወቅ፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። የማያውቀውን ኃይል ግን በድፍረት ቢነካ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ቤት ሙሉ ሰው ይጎዳል። ሠራተኛን በአባቱ ሙያ የምንንቅ ከሆነ ደግሞ፣ እጁ በሚያስፈልገን ቀን ደጃችን ላይ አናገኘውም። ልጆቻችንም በብረት ሥራ እያፈሩ ሳይማሩት ይቀራሉ፤ አገርም በብዙ ጡረተኛና በጥቂት ባለሙያ አትቆምም። አቶ ወንድይፍራው ዛሬ ሞላቸውን አይነኩም፤ ደሜም በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ ይልላቸዋል፤ ለበሩ ሳይሆን ለጨዋታ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ያገኘሁት ጥቅም በየነን አይመልስልኝም። ልጄ ብርቅዬ አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከእኔ ይልቅ ፈጥና ታነባለች። አባቷ እንዴት እንደሞተ እስከ ዛሬ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳት። ይህን ወረቀት ከሰው ሁሉ በፊት ለእሷ እሰጣለሁ። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ ምን እንደምትለኝ አላውቅም።