ከአባትሽ በኋላ የምትፈላው መኪና

— ሄሎ? … አቤት … አዎ፣ የእሷ ስልክ ነው። እጇ ሳሙና ስለሆነ እኔ አነሳሁት። … ሚጢጢ፣ የአጎትሽን ድምፅ ረሳሽው? … ደርሻለሁ የኔ ልጅ፣ በታክሲ መጣሁ። መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ብጠብቅሽ ብጠብቅሽ …

— ምን ሆነች? … ፈላች? ዛሬም?

— እታለም፣ መኪናዋ ናት፤ ልጅሽ ደህና ናት። ውሃውን ዝጊው እስቲ፣ አላሰማ አለኝ።

— አይ፣ ለእናትሽ ነው። … እሺ፣ አታልቅሺ። … አላለቀስሽም? ድምፅሽ ግን ሌላ ነው የሚለኝ። የት ቆማችሁ? … ፋርማሲው በር ላይ። ጥላ አለው? … ጥሩ። ሞተሩን አጥፊ፣ የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ እንዳትነኪ። እንፋሎቱ ፊት ይልጣል።

— ገዢው መቼ ነው የሚመጣው? … ዛሬ ከሰዓት። … ለመንዳት እንዳልሆነማ አውቃለሁ፣ በታትኖ ዕቃዋን ሊሸጥ ነው። እናትሽ ቅድም ነገረችኝ። ሳህን እያጠበች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። … ተስማማች ማለት ደስ አላት ማለት ነው እንዴ?

— እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። … አባትሽ ካረፈ ወዲህ። እሱ እያለ ፈልታ አታውቅም። … አንዱ ጋራዥ ራዲያተሩን አጠበ። እሺ። ሌላው የውሃ ፓምፑን ቀየረ። … የመጨረሻውስ? … «ባለቤቷን ተከትላ መሞት ፈልጋ ነው» አለሽ? ሥራው ሲያቅተው ቅኔ ጀመረ በይኛ።

— አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ረጅም መንገድ ስትነጃት ትፈላለች? … አትፈላም። መብራት ላይ ስትቆሚ፣ ሰልፍ ውስጥ ስትገቢ ነው። … አየሽ፣ ስትሮጥ ነፋሱ ያበርድላታል። ስትቆም ግን ቬንትሌተሩ ነው የሚያበርዳት፣ እሱ አልዞረም ማለት ነው። … ራዲያተሩ ጀርባ ያለው ማራገቢያ። አይዞሽ፣ እኔ እኮ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ይሄ የኔ ሰፈር ነው።

— ኮፈኑን ክፈቺ። … በጨርቅ ያዢው። ባትሪው አጠገብ ጥቁር ሳጥን አለች፣ ክዳኗ ላይ ቬንትሌተር ተስሎበታል። … አገኘሻት? የሱን ፊውዝ ንቀይና ወደ ብርሃን አንሺያት። ውስጧ ያለችው ክር ተበጥሳለች? … ደህና ናት። ወደ ቦታዋ መልሻት። አሁን ከጎኗ ያለችውን ኩብ ነገር ንቀያት። ሪሌ ትባላለች። የክላክሱም እንደሷው ስለሆነች አቀያይሪያቸውና ክላክሱን ንኪው። … ሰማሁት፣ መላው ሰፈርም ሰምቷል። ሪሌዋም ደህና ናት።

— ማነው የሚያወራው? … ፋርማሲስቷ። ውሃ አመጣችልሽ? ተባረኪ በያት። መጀመሪያ አንቺ ጠጪ፤ መኪናዋ እስክትበርድ ትጠብቃለች።

— አሁን ከራዲያተሩ ታች በኩል እዪ። ነሐስ የመሰለች ብሎን ገብታለች። … አዎ፣ እሷ። ውሃው ሲሞቅ ቬንትሌተሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፤ ሁለት ሽቦ ይሰካባታል። … አልተሰካም? ደህና አድርገሽ እዪ። … ተቆርጠው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። አምሮ ነው የተጠቀለለው? … በቃ አባትሽ ነው። እሱ ናስትሮ ሲጠቀልል ስጦታ የሚያሽግ ነበር የሚመስለው። እኔ ቤት መጥቶ የለመዳት ናት።

— ከናስትሮው ውስጥ ሌላ ሽቦ ይወጣል? … አረንጓዴ። ተከተይው። … ወደ ውስጥ ገባ? በሾፌሩ በኩል ነው? … በዚያኛው በኩል። እጅሽን ከዕቃ መሳቢያው ስር ስደጂ። ቀስ ብለሽ። … ምን አገኘሽ? … ማብሪያ። የምን ማብሪያ? … የራስጌ መብራት ማብሪያ። እዚያ ምን ይሠራል? … ቆይ እስቲ፣ እንዳትዘጊው።

— እታለም፣ ነይ እዚህ። መኪናዋ ውስጥ አንቺ በምትቀመጪበት በኩል፣ ጉልበትሽ አጠገብ ማብሪያ ነበረች? … ምነው? … ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።

— ሄሎ፣ አለሁ። አልተቋረጠም፣ እናትሽ ናት። አንዴ ታገሺኝ።

— እሱ ነው የገጠመልሽ? … እ … «እኔ መንገዱን ልይ፣ አንቺ የሙቀቷን መርፌ እዪልኝ» አለሽ። … ወደ ቀዩ ስትጠጋ ትጫኛለሽ፣ ስትወርድ ታጠፊያለሽ። … ሁልጊዜ? … ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልተናገርሽም? … እሺ። እሺ እታለም፣ ገባኝ።

— ሚጢጢ፣ ትሰሚኛለሽ? ያቺ ነሐስ ብሎን ስትበላሽ አባትሽ ሌላ አልገዛም። ሽቦውን በእናትሽ በኩል አሳለፈው። ቬንትሌተሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ነበረች። … እኔም ይሄንኑ ጠየቅኳት። የምር የሚሠራ አልመሰላትማ። መኪና ውስጥ ስትገባ ትጨነቃለች፣ «ቀስ በል፣ ሰው አለ፣ ፍሬን ያዝ» ትላለች፤ እና ዝም እንድትል መጫወቻ የሰጣት መስሏት ነበር። … አዎ፣ መጫወቻ። አውቃ ነበር የምትጫንለት፣ እሱ ደስ እንዲለው።

— ከቀብሩ ወዲህ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ታውቃለች? … አንድ ቀን እንኳ። … እንግዲህ የመኪናዋ በሽታ ይሄ ነው የኔ ልጅ። ሌላ ምንም የላትም።

— አሁን ቁልፉን ክፈቺ፣ ሞተሩን ግን አታስነሺ። ከኮፈኑ አካባቢ ሰው ይራቅ፣ ፋርማሲስቷም። ማብሪያውን ተጫኚ። … እ? … ዞረ? … ስልኩን ወደዚያ አስጠጊልኝ።

— እታለም፣ እንኪ ስሚው። … ሳሙናውን ተዪው፣ ስልኩ ይጠረጋል።

— …

— ሄሎ። እኔ ነኝ። … ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆማ ነበር። … አይ፣ አሁን የለችም፤ ወደ ጓዳ ገባች።

— የራዲያተሩ ክዳን ለእጅ ሲቀዘቅዝ ውሃ ጨምሪባት። ከዚያ ማብሪያውን እንዳበራሽ ቀስ ብለሽ ነይ። ነገ አዲስ ብሎን እገጥምና ቬንትሌተሩን ራሷ እንድትቀሰቅስ …

— ምን አልሽ እታለም? … እሺ። እሺ፣ ማብሪያሽን አልነካውም አልኩሽ። ሽቦውን ብቻ አይቼ እተወዋለሁ።

— ሰማሻት? … ስለ ገዢውም ተናግራለች፣ «ሰውየው በከንቱ እንዳይለፋ ደውሉለት» ነው ያለችው። አንቺው ደውዪለት፣ በትህትና።

— ሌላ ነገር፤ የፊት ወንበሩ ላይ ምን ተቀምጧል? … የመጻሕፍት ካርቶን። ወደ ኋላ አድርጊው። … እናትሽ ጫማዋን አድርጋ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለቻ፣ ቦርሳዋን ይዛ። … አላቻኩልሽም፣ ቀስ ብለሽ ንጂ። «ተቀመጪና ጠብቂ» ብላት ግን አልሰማ አለች። በይ፣ ቻው።