ከቢጫው እስከ አረንጓዴው

አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ኩሽናውን ከሳሎኑ ይለይ የነበረው ግድግዳ ፈርሷል፤ ወይዘሮ የሺመቤትና የልጅ ልጃቸው ፌቨን በቀለም ባልዲዎች መሀል ቆመዋል።

የሺመቤት፦ ሁሉንም እንዲህ ክሬም አድርገሽው ስታበቂ፣ አባባሽ ኩሽናው የቱ ጋ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

ፌቨን፦ ፍሪጁን ያያላ። ፍሪጅ ሳሎን አይቆምም።

የሺመቤት፦ እኛ ቤት አሥር ዓመት ሳሎን ነው የቆመው። አትቀልጂብኝ።

ፌቨን፦ እማማ፣ ግድግዳው ሲፈርስ አንቺም እሰይ ብለሻል። አሁን አንድ ክፍል ነው። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሲሆን ተጣልተው የተካፈሉት ቤት ይመስላል። ነገ ሽማግሌ ሊመጣ!

የሺመቤት፦ ሽማግሌው የሚመጣው አንቺን ብሎ እንጂ ግድግዳውን ብሎ አይደለም። ስሚኝ ልጄ። መርሳት ከጀመሩ ወዲህ አባባሽ በቀለም ነው የሚኖሩት። ቢጫው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ታጥበው ምግብ ይጠብቃሉ። አረንጓዴው ጋ ሲደርሱ ሬዲዮ ይከፍታሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያበጁት።

ፌቨን፦ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?

የሺመቤት፦ ምን ብዬ? ይሸማቀቃሉ።

ፌቨን፦ ይለምደዋል። ሰው አዲስ ቀለም ይለምዳል።

የሺመቤት፦ ትናንት የምድጃውን ወገን ቀብተሽ ስትወጪ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ጠጋ ብለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ባለቤቶቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

ፌቨን፦ ቀልዱን ነው።

የሺመቤት፦ ሃምሳ ዓመት አብሬ ኖሬ ቀልዳቸው ይጠፋኛል? ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት፣ እንደ እንግዳ። ምሳ ሳቀርብላቸው «ኧረ አይቸገሩ» አሉኝ። እኔን ነው፣ ፌቨን። አንቱ አሉኝ።

ፌቨን፦ አንቱ? አንቺን?

የሺመቤት፦ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺን ደግሞ ማስከፋት አልፈለግሁም።

ፌቨን፦ እሺ፣ አታልቅሺ። ምድጃው ያለበትን ግድግዳ ወደ ቢጫው እመልሰዋለሁ። ሽማግሌውም ካልወደደው ይቅርበት።

የሺመቤት፦ መቼ?

ፌቨን፦ አሁን። የተረፈው ቢጫ በረንዳ ላይ አለ። እንደውም የቱ ድረስ እንደሆነ አባባ ራሱ ያሳየን። የት ነው?

የሺመቤት፦ መኝታ ቤት። ልብስ እየለበሱ ነበር።

ፌቨን፦ እዚህ የለም። አልጋውን እንኳን አንጥፏል። እማማ፣ የውጪው በር ክፍት ነው።

የሺመቤት፦ እኛ እዚህ ቆመን ስንጨቃጨቅ? አንድ ቃል ሳይተነፍሱ?

ፌቨን፦ ደረጃው ላይም አይታይም። እኔ ልውረድ፤ አንቺ በመስኮት እዪ። ካየሽው ጥሪው።

የሺመቤት፦ አስፋልቱ ዳር ናቸው… ጋሼ! ጋሼ ተድላ!

ፌቨን፦ ሰማ? ዞረ?

የሺመቤት፦ ዞሩ። ቀና ብለው አዩኝ። ባርኔጣቸውን አነሱልኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።