ከበረቱ ኋላ ያለችው የምራት መንገድ

ሽማግሌው ፉዚሌ በዚያ ሐሙስ ቀን ከብቶቻቸውን ለመዥገር መድኃኒት ከሚነከሩበት ገንዳ እየመለሱ ሳለ፣ ቁልቁለቱን አጋምሰው የወንድማቸውን ልጅ ዎንጋን አገኙት። ዎንጋ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ይወጣል። የኋላ ጎማው ተንፍሷል።

«ታታ፣ እንደምን ዋሉ?» አለና ባርኔጣውን አነሣ። በዚያ አገር ልጅ የሆነ ሁሉ አባት የሆነውን ሁሉ «ታታ» ብሎ ነው የሚጠራው።

«ደህና ነኝ። ትናንት ፈረስ ሲቀድም ያየነው ብስክሌት ዛሬ በሰው ጉልበት ይሄዳል?»

«እሾህ ወጋው።»

«የእኔም በሬ እሾህ ወግቶት ያውቃል፤ ግን አይተነፍስም።»

ዎንጋ ሳቀ። ሳቁ ግን ከንፈሩ ላይ ቀረ እንጂ ወደ ዓይኑ አልደረሰም። ይህ ልጅ ስድስት ዓመት መምህር ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መንግሥት «ጥቁር ልጅ ለሎሌነት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይማር» የሚል መጽሐፍ ሲልክ፣ «ይህንንስ አላስተምርም» ብሎ ጠመኔውን አስቀመጠ። ከሥራው ቢባረርም አገሩ ዛሬም መምህር ነው የሚለው።

«ታታ፣ ትናንት ፖሊሶቹ ማንካዪን ወሰዷቸው» አለ። «ሁለቱን ጓዶቻቸውንም አብረው።»

ፉዚሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። እሳቸው የንቅናቄው አባል አልነበሩም፤ ስብሰባ አይወዱም። ማንካዪ ግን በአገሩ ወግ ጎረምሳ ሳሉ በአንድ ወቅት አብረው የተገረዙ፣ በአንድ ጎጆ የሰነበቱ፣ በአንድ የወርቅ ጉድጓድ የቆፈሩ እኩያቸው ነበሩ። ነጭንና ጥቁርን የሚለያየውን ሕግ ተቃውሞ ያ ወረዳ ሲነሣ፣ ከፊት የቆሙት እኒያው ማንካዪ ናቸው።

«እጁን አስረው?»

«አስረው። ግን መኪናው ላይ የወጡት እንደ ሙሽራ ነው። ዘወር ብለው አንድ ቃል ብቻ ነገሩኝ።» ዎንጋ ብስክሌቱን በጉልበቱ ደገፈ። «'በእኔ ቦታ የፉዚሌ ምራት ኖሉንዲ ትቁም' አሉ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ የተሳሳተ ነገር የሰሙ መሰላቸው። ቀጥለው ማንካዪ አርጅቷል አሉ በልባቸው።

«ወንድ አልቆ ነው?»

«አላለቀም። እሳቸው የመረጡት እሷን ነው። ሰኞ ደግሞ የመንግሥት መኪና ይመጣል፤ እስከ ዛሬ በወንድ ኪስ ብቻ የነበረውን የይለፍ ደብተር ለሴቶች ሊያድል። ከዚያ በፊት ሳንመካከር ከቀረን፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየፈሩ ይወስዱታል። አንዴ ከተወሰደ አይመለስም። ቤተ ክርስቲያኑን ቆልፈውታል፤ ትምህርት ቤቱንም። ከአሥር ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፣ በገዛ ግቢ የሚደረግ የወግ ድግስ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ የእርስዎን በረት ልለምን እየመጣሁ ነበር። ከሱ የሚሰፋ በረት የለም።»

«በረቴን?» ድምፃቸው ከፍ ሲል ከብቶቹ እንኳ ዞረው አዩ። «ምራቴ በረቴ ውስጥ ቆማ ልትናገር? አባቴ የተቀበረው እዚያ ደጃፍ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ? ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ የቤቱን እርጎ ሥርዓቱ እስኪፈጸምላት አትቀምስም፤ በረቱንማ በእግሯ አትረግጥም! ይህን አሁን እኔ ነኝ ለመምህር የማስተምረው?»

«አውቀዋለሁ፣ ታታ።»

«ካወቅህ ስማ። መሬቱን ወሰዱብን። ግጦሹን አጠሩብን። ከብት ይህን ያህል ብቻ አርቡ አሉን። በእጃችን የቀረው ወጋችን ብቻ ነው። እሱንም ራሳችን ካፈረስነው፣ ለነጩ ምን ሥራ ይቀረዋል?»

ይህ የሞኝ ክርክር አልነበረም። ሁሉ የተዘረፈበት ሰው የቀረችውን አንዲት ነገር በሁለት እጁ ቢጨብጥ ይፈረድበታልን? ዎንጋም ይህን ስላወቀ ብስክሌቱን አዙሮ ከሽማግሌው ጎን ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረ።

«ባለፈው ወረዳውን የሚገዛው ነጩ ኮሚሽነር መጥቶ ሲናገር እርስዎም ነበሩ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «'እናንተ ወግ አክባሪ ሕዝብ ናችሁ፤ ሴት በአደባባይ አትናገርም፤ ይህ ያማረ ወግ ነው' ሲል እርስዎ ራስዎን ነቀነቁ።»

«እውነት ስለተናገረ ነዋ።»

«ጅብ እረኛውን 'አጥርህ ያምራል' ካለው፣ እረኛው አጥሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ቢያየው አይሻልም?»

«ተማርክና አሁን ደግሞ በተረት ልትበልጠኝ?»

«ከእርስዎ የሰማሁትን ነው መልሼ የምሸጥልዎ።» ዎንጋ ፈገግ አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የይለፍ ደብተርዎ የት ነው?»

ፉዚሌ የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ደብተር ድምፅ ሰጠ።

«ወደ ገንዳው ይዘውት ነው የሄዱት?»

«ያለሱ ከተገኘሁ እታሰራለሁ።»

«ከብቶቹስ?»

«ከብት ደብተር አይጠየቅም፣ አንተ…» ብለው ሊሳለቁ ጀመሩና የገዛ ደብተራቸውን በእጃቸው ዳሰሱ።

ቃሉ ከገዛ አፋቸው ስለወጣ ማንንም ሊቆጡበት አልቻሉም። ከብቶቹን እየነዱ ሄዱ። በልባቸው ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረ ግቢ ታያቸው። ያ ግቢ የወርቅ ጉድጓዱ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። መቶ ሰው ራቁቱን ተሰልፏል፤ እጁን ወደ ላይ አንሥቷል፤ ጢም ያላበቀለ ነጭ ጎረምሳ በቱቦ መድኃኒት ይረጨዋል። ከፉዚሌ ፊት የነበሩት ማንካዪ ዞር ብለው «አንገትህን አትድፋ፤ በሬ እንኳ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ቀንዱን ቀና ያደርጋል» ብለዋቸው ነበር። ይህን ፉዚሌ ለሚስታቸውም፣ ለልጃቸውም ነግረው አያውቁም። እንግዲህ ሰኞ የሚመጣው መኪና ያንን ሰልፍ ለሴቶቹም ሊያመጣው ነው።

ግቢያቸው ሲደርሱ ኖሉንዲ ከምንጩ እየተመለሰች ነበር። ባልዲውን በራሷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ወጉ በበረቱ ፊት አላለፈችም፤ ከጎጆዎቹ ኋላ ባለችው ቀጭን መንገድ ዞረች። ያችን መንገድ ማንም አልጠረገላትም፤ አሥራ ሁለት ዓመት በእግሯ ስትረግጣት እንደ ጅረት ቦይ ጎድጉዳለች። ፉዚሌ መንገዷን በየቀኑ እያዩ ኖረው፣ ጥልቀቷን ያስተዋሉት ገና ዛሬ ነው።

«ነይ እስቲ» አሏት።

ባልዲውን አወረደች። የራስ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ፣ ብርድ ልብሷን በትከሻዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ጎኗን ሰጥታ ቆመች።

«ማንካዪ ያለውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ።»

«እና ምን ትያለሽ?»

«የአባቴን በረት ያለ ፈቃዱ አልረግጥም። ሰዎቹ በረቱ ውስጥ ይቀመጡ፤ እኔ እዚሁ መንገዴ ላይ ቆሜ እናገራለሁ።»

«ከእሾህ አጥር ኋላ?» አለ ዎንጋ።

«ከአጥር ኋላ ማውራት ለምጄዋለሁ፣ መምህር። ላሞቹ እንኳ ድምፄን ሲሰሙ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ ወንዶቹ ከላም አያንሱም።»

የፉዚሌ ጢም ሊስቅ ቃጣው፤ ወዲያው መለሱት።

«መናገሩስ ይሁን» አሉ። «ዝም ማለቱስ? መሪ የሚፈተነው በንግግር አይደለም። ማንካዪን አውቀዋለሁ፤ አጥንቱን ቢሰብሩት የሰው ስም አያወጣም። አንቺን ወስደው፣ ዘግተውብሽ፣ 'ከአንቺ ጋር ማን ማን አለ?' ቢሉሽስ?»

ኖሉንዲ ወደ ባልዲው ጎንበስ አለች። ጆሮውን አስተካክላ ቀና አለች።

«አባቴ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድ ቀን ስምዎን ስጠራ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«ምጥ ይዞኝ ስጮህ?»

«አልሰማሁም።»

«ባሌ ጆሃንስበርግ ሄዶ፣ ደብዳቤውም ሲቆም፣ አብጄ ከራሴ ጋር ሳወራ በነበረበት ክረምት?»

«ኧረ… በዚያን ጊዜም አልሰማሁም።»

«ማንም አልገረፈኝም፤ ማንም አላሰረኝም። ለክብርዎ ብዬ ብቻ አንድ ስም አሥራ ሁለት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤ ኖርኩ። ታዲያ ለፖሊስ ስል የጓደኞቼን ስም እጠራለሁ?»

ዎንጋ ሊያመጣ ያሰበው ክርክር ሁሉ፣ ከመጽሐፍ የለቀመው ማስረጃ ሁሉ በዚህች አንዲት ጥያቄ ፊት እንደ ገለባ ቀለለበት።

ፉዚሌም በረታቸውን አዩ፤ መንገዷንም አዩ። ሴትን ለማሳነስ የቆመ የሚመስለው ወግ ለካ በጓሮ በኩል፣ ማንም ሳያየው፣ መሪ ሲያሠለጥን ኖሯል! ወጉን የሚወድ ሰው ፍሬውን ደርሶ ሲያይ ከመልቀም ይልቅ «ቅጠሉን አትንኩ» ቢል ምን ይባላል?

«ላሞቹን ሣር የምታበይው አንቺ ነሽ» አሉ በዝግታ። «ጥጆቹንም የምታሳድጊ አንቺ። እርጎዋቸውን ግን እስከ ዛሬ አልቀመስሽም። መጀመሪያ ዛሬ ነገ አልኩ፤ ኋላም ልጄ ሲመለስ ሥርዓቱን እፈጽማለሁ እያልኩ ሰባት ዓመት መንገድ ሳይ ኖርኩ። ይህ የወጉ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው።» በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ቅዳሜ ፍየል ይታረዳል። ዎንጋ፣ ለአገሩ ሁሉ ንገር። ፉዚሌ ምራቱን እርጎ ያጠጣል በል። እርጎ የጠጣች ምራት የቤቱ ልጅ ናት፤ አባቷ ከፈቀደላት በረቱ አይከለከላትም።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሁለት መቶ ሰው በላይ መጣ። የፖሊስ መኪናም መጣ። ነጩ ሳጅን ከአስተርጓሚው ፖሊስ ጋር ወርዶ ግቢውን ቃኘ።

«ይህ ምን ስብሰባ ነው?»

«ድግስ ነው» አሉ ፉዚሌ። «ምራቴን እርጎ አጠጣለሁ።»

«መቼ ያገባች ናት?»

«ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት።»

አስተርጓሚው ፖሊስ ይህን ሲተረጉም ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

«እስከ ዛሬ ለምን ቆየ?»

«ሽማግሌ ነኝ፤ ሥራዬ ዘገምተኛ ነው።»

ሴቶቹ በብርድ ልብሳቸው አፋቸውን ሸፍነው ተንፈቀፈቁ። ሳጅኑ ፍየሉን አየ፤ የእርጎውን ቅል አየ፤ ጠላውን አየ። ውሸት ሊያገኝ ፈለገ፤ ሁሉም ግን እውነት ነበር። ፀሐዩ ሲበረታበት መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ያን ጊዜ ፉዚሌ ቅሉን በገዛ እጃቸው ለኖሉንዲ ሰጧት። ጠጣች። እሳቸውም ከበረቱ ደጃፍ የተጋደሙትን አምስት አግዳሚ እንጨቶች አንድ በአንድ አወጡ፤ ዎንጋ ሊረዳቸው ቢቀርብ በክርናቸው ገፉት። ከዚያም ወደ አባታቸው መቃብር ዞረው «አባቴ፣ የምትገባው ልጄ ናት» አሉና ለኖሉንዲ መንገድ ለቀቁላት።

አንድ እኩያቸው ሽማግሌ ከጥግ ብድግ አሉ። «ፉዚሌ! ሴት በረት ውስጥ? ወጉ የት ሄደ?»

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ። ያልከውን ሐሙስ ዕለት እኔ ራሴ ብዬዋለሁ፤ ካንተ የተሻለ አድርጌ። አዲስ ነገር ካለህ አምጣ።»

ሰዉ ሳቀ። ኖሉንዲ በመካከል ቆመች፤ ራሷን እንደ ወጉ ሸፍናለች፤ ድምፅዋ ግን አልተሸፈነም።

«ያን ደብተር የያዘች ሴት» አለች፣ «እናቷን ልትቀብር ፈቃድ ትጠይቃለች። የታመመ ልጅ አዝላ በመንገድ ስትሄድ 'ቁሚ' ትባላለች። ደብተሩ ጎጆ ቀርቶባት ከተያዘች፣ ሕፃኑን ማን ያጠባዋል? ወንዶቻችን ተሸከሙት፤ ጀርባቸው እንዴት እንደጎበጠ አይተናል። ሰኞ እንሄዳለን፤ አንዲትም አትቅር። እጃችንን ግን ከብርድ ልብሳችን ውስጥ አናወጣም። እጅ ካልተዘረጋ የሚሰጥ የለም።»

ሰዉ በልቶ ሲበተን ያ እኩያቸው መጥተው ከፉዚሌ አጠገብ ተቀመጡ። «እሺ» አሉ፣ «ምን ተረፈህ?»

«ልቁጠርልህ? ምራት ነበረችኝ፣ ዛሬ ልጅ አለችኝ። ማንካዪን ባሰሩ ጊዜ ንቅናቄው አንገቱ የተቆረጠ መስሏቸው ነበር፤ ይኸው አንገት በቀለለት። ወጉን ያፈረስኩ መስሎህ ከሆነ እጅህን ተመልከት፤ የያዝከው ቅል የወጉ ቅል ነው። ወግ ማለት በረት ነው፣ ወንድሜ፤ በር ከሌለው ከብቱ ውስጡ በረሃብ ያልቃል።»

ሽማግሌው የቅሉን ጠላ እስከ አተላው ጨለጡና «ሰኞ ሚስቴንም ቀስቅሷት» አሉ።

ሰኞ መኪናው መጣ። ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ደብተሮቹ እንደ ጡብ ተደረደሩ። መቶ ስድሳ ሴቶች በሰልፍ ቆሙ፤ አንገታቸው ቀና፣ እጃቸው ብርድ ልብስ ውስጥ። ስም ሲጠራ የሚመልስ የለም። ደብተር ሲዘረጋ የሚቀበል የለም። አስተርጓሚው እስኪደክመው ጮኸ። ኖሉንዲ በሰልፉ መካከል ነበረች፤ ከማንም አትለይም።

ኮሚሽነሩ ፊቱ ቀልቶ ወደ ሽማግሌዎቹ መጣና ከፉዚሌ ፊት ቆመ። «አንተ አስተዋይ ሰው ነህ» አላቸው። «ወግ ታከብራለህ። እነዚህን ሴቶች የሚመራው ማነው? ታውቃለህ፤ ስሙን ንገረኝ።»

ፉዚሌ ቀስ ብለው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለኮሚሽነሩ ግን አልነበረም።

«በእርግጥ አውቃለሁ» አሉ። «ግን እንዳልከው ወግ አከብራለሁ። በእኛ ወግ ደግሞ የምናከብረውን ሰው ስም አንጠራም።»

መኪናው ደብተሮቹን መልሶ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ፣ ክብደቱ ሲመጣ የነበረውን ያህል ነበር።