የረቡዕ ወተት

የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ አልታደሰም ተብዬ ካርቱም ታስሬ ሳለሁ ወባ ጣለኝና ወደ ሕሙማን ክፍል አዛወሩኝ። አልጋ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ወተት ይታደላል። ቤተ መንግሥት በሉት! ረቡዕ ዕለት ዘበኛው ወተቱን ሲያቀብለኝ፣ የታመመ ሰው እንዳይጾም መፈቀዱን እያወቅሁ ጽድቅ አማረኝና «ጾም ላይ ነኝ» አልኩት።

«ያ ሐበሺ፣ ረመዳን እኮ አልፏል!»

«የኛ ረቡዕና ዓርብ ነው።»

«በየሳምንቱ?» ብሎ አፈጠጠብኝና አለቃውን ጠራ። አለቃውም መዝገቡ ላይ «የረሃብ አድማ መትቷል» ብሎ ጻፈልኝ። ከነትኩሳቴ ወደ ቅጣት ክፍል! አልበላም በማለቴ የተፈረደብኝ ቅጣት ምን መሰላችሁ? ሲሚንቶ ላይ እየተኛሁ፣ ሳምንት ሙሉ ደረቅ ዳቦና ውሃ። የንስሐ አባቴ ስንቱን ጉዴን ሰምተው እንኳ እንዲህ አድርገው አላጾሙኝም።